የሚገፋ ሞተር ሊብሬ አይጠየቅም

ወንድሜ ሞተር ብስክሌት ይገዛ ነበር። አስፋልት ላይ ሲነዳ ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

ይህን ስናገር ሰው ግራ ይገባዋል። እኔም ከየት እንደምጀምር ግራ ስለገባኝ ከሊብሬው ልጀምር። ሊብሬ የባለቤትነት ደብተር ነው። ሊብሬ ከሌለ ታርጋ የለም። ታርጋ ከሌለ ቦሎ የለም። ያኔ ቤንዚን የሚታደለው በኩፖን ስለነበር እነዚህ ከሌሉ ኩፖንም የለም። ሊብሬ የሌለው ሞተር ሲነዳ የተገኘ ሰው ሞተሩ ይወረስበታል፤ እሱ ራሱም «ከየት አመጣኸው?» ይባላል። በደርግ ጊዜ «ከየት አመጣኸው?» መባል በቀላሉ መልሰውት የሚወጡበት ጥያቄ አልነበረም።

ወንድሜ የሚገዛቸው ሞተሮች በሙሉ ሊብሬ የሌላቸው ነበሩ። አሮጌዎች ናቸው፤ ከጣሊያን ጊዜ የቀሩ፣ ወይም ከዚያ ወዲህ በንጉሡ ዘመን የገቡ። ታንከራቸው ሆዳም፣ መሪያቸው ሰፊ፣ መቀመጫቸው በሞላ ላይ የተንጠለጠለ። አጠገባቸው ስቆም ትንሽ እፈራቸው ነበር። ሊብሬ ያጡበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዱ ባለቤቱ ሞቶ ወረቀቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አብዛኛው ግን ተቃጥሎ ነው። በቀይ ሽብሩ የቤት ለቤት አሰሳ ጊዜ ሰው ወረቀት ይፈራ ነበር። ምን እንደተጻፈበት ለማየት ጊዜ የለም፤ መሳቢያው እንዳለ ወደ ምድጃ ይገለበጣል። መጽሐፉ፣ የትምህርት ቤት ደብተሩ፣ ፎቶግራፉ፣ ሊብሬውም አብሮ። በማግስቱ ሞተሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይገኛል። የማንም አይደለም።

ወንድሜ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበር። በዕድሜ በብዙ ይበልጠኛል። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ልደታ በሚገኘው ቤታችን የምንኖረው አባታችን፣ እሱና እኔ ነበርን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ነው፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ማሙሽ እያለ ነው የሚጠራኝ። እኔ ጋሽዬ እለዋለሁ።

ሞተር የሚገዛበት መንገድ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ሰው ሞተር ሊገዛ ሲሄድ ሞተሩን ያያል። ጋሽዬ መጀመሪያ የሚያየው ጎረቤቱን ነበር። ሞተሩ ካለበት ግቢ በግራ በኩል ያለውን ጎረቤት ይጠራና «ይሄ ሞተር የማን ነው?» ይላል። ከዚያ የቀኙን ይጠራል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ ሰው ከጠሩ ይገዛል። ካልጠሩ ጥሎ ይወጣል፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያምር። አንድ ጊዜ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ፣ ቀለሙ እንኳ ያልለቀቀ ሞተር አየን። የግራው ጎረቤት የሻለቃው ነው አሉ። የቀኟ ሴትዮ የሻለቃው ሚስት ወንድም ያመጣው ነው አሉ። ጋሽዬ አመስግኖ ወጣ። ሻጩ መንገድ ድረስ ተከተለን።

«ወንድሜ፣ ሻለቃውና የሚስትየው ወንድም አንድ ሰው ቢሆኑስ?»

«እንግዲያው ሰውየው እኅቱን ነዋ ያገባው» አለ ጋሽዬ። «ይሄ ደግሞ ከሞተሩ የባሰ ጣጣ አለው።»

ሻጩ ራሱ ሳቀ። እኔ ግን ያን ሞተር ትተን መምጣታችን አንገብግቦኝ ስለነበር መንገዱን ሁሉ አኮረፍኩ። ጋሽዬ አላባበለኝም። «ማሙሽ፣ ሊብሬ ማለት ሰዎች ‹የእገሌ ነው› ብለው የፈረሙበት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ሰዎቹን መጠየቅ ነው» ብቻ አለኝ።

የገዛነውን ሞተር እንገፋዋለን። እሱ መሪውን ይይዛል፣ እኔ ከኋላ። የትራፊክ ፖሊስ ሲያየን አንዳንዴ ያስቆመናል። ጋሽዬ ኮፍያውን ያወልቅና «ጌታዬ፣ የሚገፋ ሞተር ሊብሬ አይጠየቅም» ይላል። እንዲህ የሚል ደንብ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ፖሊሶቹም የሚያውቁ አይመስለኝም። ያሳልፉናል።

ግቢያችን ከደረሰ በኋላ ወራት ይፈጃል። ቅዳሜና እሑድ ይፈታዋል፣ በነጭ ጋዝ ያጥበዋል፣ የጎደለውን ከሌላ ይቀጥልለታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በመቆሚያው ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። የኋላው ጎማ መሬት አይነካም። ከጋራዥ ሾፌሮች የለመናትን ትንሽ ቤንዚን ያፈስና መርገጫውን ይረግጣል። ሲነሳ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ቆርቆሮው፣ መስኮቱ፣ የእኔም ደረት። ማርሽ ያስገባለታል። የኋላው ጎማ በአየር ላይ መብረር ይጀምራል። ሽቦዎቹ ከዓይን ይጠፋሉ። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሄዳል፤ ከቦታው ግን ንቅንቅ አይልም። ጋሽዬ ላዩ ላይ አይቀመጥም። ጎኑ ቆሞ፣ እጁን መቀመጫው ላይ አድርጎ፣ ወደ አጥሩ ያያል። ከዚያ ያጠፋዋል።

አባታችን በዚያን ጊዜ መስኮት ይዘጋሉ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ወረቀት የሌለው ነገር ይፈራሉ። ጋሽዬን ግን እምቢ አይሉትም ነበር።

ከሁሉም የተለየውን ሞተር ያገኘነው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው፤ ባላቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ሞተረኛ ሆነው ደብዳቤ ሲያደርሱ ኖረዋል። መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን ሞተር ሲያስወግድ ባልየው ገዝተው አስቀሩት። ከሞቱ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ሞተሩ ከጓዳው ጀርባ ከቆርቆሮ ሥር ቆሟል፣ ዶሮዎች ሰፍረውበታል። ጋሽዬ ኩሱን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ታንከሩን ነካው። ብዙ ሞተር አይተናል፤ እንዲህ ያለ ግን አላየንም ነበር። ምንም ያልተነካ፣ ምንም ያልተለወጠ። ሰውየው ሻይ ሊጠጡ አቁመውት ገባ ያሉ ነው የሚመስለው።

ጋሽዬ መልሱን ቢያውቀውም ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም። የሴትዮዋ ጆሮም ዓይንም ደከም ስላለ ጮክ ብሎ «እማማ፣ ሊብሬው አለ ወይ?» አላቸው።

«አለ እንጂ። እንዴት አድርጎ ይጠፋል?»

ጋሽዬ ዞሮ አየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አለ ያለን ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገቡ። ሳጥን ሲከፈት ሰማን። ቆየት ብለው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ወጡና ፈቱት። ወፍራም የቆዳ ካፖርት ነው። ጓንት አለ፣ ላስቲክ ያለው መነጽር አለ።

«ይኸው። ብል እንዳይበላብኝ በየዓመቱ ፀሐይ አሰጣዋለሁ።»

ሊብሬው ያለውን ልብሱ ብለው ሰምተውታል። ሳቄ መጣ፤ ጋሽዬን ሳየው ግን ተመለሰ። እሱ አልሳቀም። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው። አላረማቸውም።

«በደንብ ይዘውታል እማማ።»

«እሱ ያለ ልብሱ ነድቶ አያውቅም። ሞተሩን የወሰደ ይሄንንም ይወስዳል። አብሮ ነው የሚሄደው።»

ከዚያ ጎረቤት ተጠራ። በግራ በኩል አንድ ትንሽ ሱቅ አለ፤ ባለሱቁ ጠና ያሉ የጉራጌ ሰው ናቸው። ከባንኮኒው ሳይነሱ «የማን ሊሆን ነው? የሞተረኛው ነው። ይሄ ሞተር በግ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ስንት ጊዜ ታርዶ ነበር» አሉን። በቀኝ በኩል ልብስ የምታሰጣ ሴት ፊቷን እንኳ ሳታሳየን ከአጥሩ ወዲያ «የሞተረኛው» አለች። አንድ ቃል። ሰውየው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ሚስታቸው እንኳ እየረሱ ነው። ሁለት ሰዎች ግን ሳይነጋገሩ፣ ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ ሞተሩን ለባለቤቱ ሰጡት።

ካፖርቱን መቀመጫው ላይ አስረን በሰንጋ ተራ በኩል ገፋነው። የጎማው አየር አልቆ ስለነበር እንደ ድንጋይ ከበደን። ዳር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠሩን።

«እናንተ ልጆች፣ የምትነዱት ሰንጋ ነው እንዴ? ገበያው ከዚህ ከተነሳ ቆየ እኮ።»

«አይ አባቴ፣ የሚሸጥ አይደለም» አለ ጋሽዬ። «እግሩን እናፍታታለት ብለን ነው።»

«ታዲያ ለሞተር ይብላላችሁ ነው ይጠጣላችሁ የሚባለው?»

«አሜን። ሁለቱንም።»

ያን ሞተር ጋሽዬ ከሌሎቹ ሁሉ ለይቶ ነበር የያዘው። ሻንሲው ላይ ያለውን ዝገት በነጭ ጋዝ እያራሰ በጨርቅ ሲያሸው የተመታው ቁጥር ከውስጥ ብቅ አለ። ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ዓይኑን ቀስ አድርጎ እንደሚገልጥ። በጣቱ ዳሰሰው፤ የእኔንም ጣት ይዞ አስዳሰሰኝ። «ይሄኛው ሊብሬ ያገኛል» አለኝ። «ሚስትየዋ በሕይወት አሉ። ጎረቤቶቹ አሉ። ቀበሌያቸው ይመሰክራል። ይሄኛው ይሄዳል።»

ያስነሳው በጥር ነው። ድምፁ ከሌሎቹ ይለያል፤ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል። አባታችን መስኮቱን ለመዝጋት ብቅ አሉና ሳይዘጉት ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልጻፈው። የጋሽዬ ዓይን ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ሰፈሩ የሚያውቀውን መድኃኒት ሁሉ አመጣለት፤ ሐኪም ቤትም ተኛ። ለፋሲካ ሳይደርስ ሞተ። ለለቅሶው ድንኳን ለመትከል ሞተሮቹን ወደ አጥሩ መግፋት ነበረብን። እኔ መሪውን ያዝኩ። ከኋላ ማን እንደገፋ አላስታውስም።

ከአርባው በኋላ አባታችን ጠሩኝ።

«እስከ ሰማንያው ግቢው ይጸዳ። ቁራሌ ጥራና ይውሰዳቸው።»

«ሁሉንም?»

«ወረቀት የሌለው ነገር ቤቴ እያደረ እንቅልፍ አይወስደኝም። የታገስኩት ለእሱ ብዬ ነው። አሁን ለማን ብዬ ልታገስ?»

«አንዱን ይተዉልኝ። የጠመንጃ ያዡን። ሊብሬ አወጣለታለሁ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

አባታችን ሞተሩን ወደ ሸፈነው ሸራ አዩ። «እስከ ሰማንያው» አሉ።

ሌሎቹን ቁራሌዎች መጥተው ወሰዷቸው። ለመጫን እንዲቀልላቸው ግቢው ውስጥ በመዶሻ ሰባበሯቸው። እዚያ መቆም አልቻልኩም። ጠመንጃ ያዥ ሄድኩ።

ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ያልተላጨ ፊቴንና እጅጌዬ ላይ ያለውን ጥቁር ጨርቅ አዩ።

«ማን ነው?»

«ጋሽዬ።»

ስኳር እየመዘኑ ነበር። ማንኪያውን አስቀምጠው ከባንኮኒው ወጡና አቀፉኝ። ለሊብሬው ምስክር ፈልጌ እንደመጣሁ ስነግራቸው «ለሴትዮዋ ሞቱን እንዳትነግር» አሉ። «እንደ ልጅ ነው የያዙት፤ ለመጣ ለሄደው ስለ እሱ ነው የሚያወሩት። መርዶ እንዲህ በር ላይ አይነገርም። እሑድ ጠዋት ሰው ሰብስቤ እኔው አረዳቸዋለሁ። አንተ የቀበሌውን ጉዳይ ጀምር።»

ጀመርኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ድምፁ የጎረነነ፣ ክፉም ደግም የማይመስል ሰው ነው። ነገሩን ነገርኩት፣ ምስክሮቹን ጠራሁለት። ቀጠሮውን የሚቀጥለው ሳምንት አድርግልኝ ብዬ ብለምነው አልሰማኝም። ሐሙስ አለ። እሑድ ሳይደርስ ሐሙስ ደረሰ።

ሐሙስ ዕለት ሴትዮዋ የባለሱቁን ክንድ ይዘው መጡ። እኔን በዓይናቸው አልለዩኝም፤ በድምፄ ሲያውቁኝ ግን ጉንጬን ሳሙኝ። «ያ ወንድምህስ? ሥራ በዛበት?» አሉ። ባለሱቁ ቶሎ ብለው ወንበር ሳቡላቸው። ተቀመጥን።

ሊቀመንበሩ ባለሱቁን ጠየቀ፤ የሞተረኛው ነበር አሉ። አጥር አዋሳኟን ሴት ጠየቀ፤ እሷም እንደዚያው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«የገዛው ወንድምህ ነው፤ እሱ ደግሞ ሞቷል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው።»

ሊቀመንበሩ ግራ ገብቶት ፊታችንን ተራ በተራ አየ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ያልሰሙ መሰለኝ። በኋላ እጃቸው ወደ ትከሻቸው ሄደ። ነጠላቸውን አውርደው ፈቱት፣ ገለበጡት፣ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አድርገው እንደገና ለበሱት። ሐዘን የደረሰበት ሰው እንደሚለብሰው። በዝግታ፣ ማንም ሳያግዛቸው። ይህን ሲያደርጉ ሁላችንም ቆመን ጠበቅናቸው። ሊቀመንበሩም ቆመ፤ ቆቡንም አወለቀ። እንዲህ ያለ ነገር በቀበሌ ቢሮ ውስጥ ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ከፋሲካ በፊት።»

«ለቅሶ አልደረስኩም። ሰው ሲሞት ይጠራል እኮ ልጄ።»

ባለሱቁ «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ሊቀመንበሩ ይቅርታ ጠየቀና ቆየት ብሎ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ መንገድ አለኝ አለ። ሰው ሲያዝን አይቶ ሊያቀልለት የፈለገ ይመስለኛል።

«እማማ፣ ‹የሸጥኩት ለዚህ ለታናሹ ነው› ይበሉ። ምስክሮቹም እንደዚያ ይበሉ። አሁኑኑ እጽፍለታለሁ፣ ነገ ታርጋ መስጫው ይሄዳል። ለሟቹ ነው ካሉ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ነው፤ ወራሽ ተብሎ መታወጅ አለበት። መቼ እንደሚያልቅ እኔም አላውቅም።»

ሰማንያው ቅርብ ነበር። ቁራሌዎቹ የሰባበሯቸው ሞተሮች ፊቴ ላይ መጡ። ሁሉም እኔን ማየት ጀመሩ። ሴትዮዋ ቀደሙኝ።

«እኔ የሸጥኩት ለትልቁ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ እማማ፣ ግን…»

«ለሰውየው በቁሙ ሰጥቼው፣ ሲሞት ልቀማው ነው? ለትልቁ ነው። እንደዚያ ብለህ ጻፈው።»

ሊቀመንበሩ እንደዚያ ብሎ ጻፈው። የጋሽዬን ስም ከእነ አባቱ አስፍሮ፣ ገዢው እሱ መሆኑን ምስክሮች ማረጋገጣቸውን ጻፈ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ጨመረ። «ሟች ልጅ ከሌለው ወራሹ አባቱ ነው። አባትህ ናቸው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለባቸው።»

ይህን አላሰብኩም ነበር። ሞተሩ ከግቢ ይውጣልኝ ያሉት አባታችን፣ የእኔ ነው ብለው ዳኛ ፊት ሊቆሙ ነው። ቤት ገብቼ ነገርኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ልጅ ነው አባቱን የሚወርሰው» አሉ።

እኔም ተስፋ ቆረጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ግን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። «ፍርድ ቤት የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

እንደተባለው ቶሎ አላለቀም። ክረምቱ ገባ። ሰማንያው በመካከሉ አለፈ፤ ስለ ቁራሌ ያነሳ የለም። ሴትዮዋ በየቀጠሮው ከባለሱቁ ጋር ይመጣሉ፣ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ። የመጀመሪያው ቀን አባታችን ከአግዳሚው ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

«አባትየው እርስዎ ነዎት?» አሉ ሴትዮዋ።

«ነኝ እመቤቴ።»

«እግዜር ያጽናዎት። እንዴት ያለ ልጅ ነው ያሳደጉት። የባለቤቴን ልብስ ስሰጠው ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የተቀበለኝ።»

አባታችን ትንሽ አሰቡ። «ቤት ውስጥ እኮ በአንድ እጁ ነበር የሚቀበለው» አሉ።

ሴትዮዋ ሳቁ። አባታችንም ሳቁ። ጋሽዬ ከሞተ ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። ከዚያ ቀጠሮው እስኪጠራ ድረስ ስለ ልጁና ስለ ሞተረኛው ሲያወሩ ቆዩ፤ እኔና ባለሱቁ የተረሳን መሰለን።

ፍርዱ የወጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ፍርዱን ይዘን፣ ሞተሩን እየገፋን፣ ለምርመራ ታርጋ መስጫው ሄድን። መሪውን እኔ ያዝኩ፤ አባታችን በሙሉ ልብሳቸው ከኋላ። ተዉ ብላቸው አልሰሙኝም።

መርማሪው መካከለኛ ዕድሜ ያለው ፖሊስ ነው። የሻንሲውን ቁጥር ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ አሸው፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ወጣ። የሞተሩንም እንዲሁ። ከዚያ «ይነሳል?» አለኝ። ጋሽዬ እንዳሳየኝ ረገጥኩት። በሁለተኛው ተነሳ።

«በል ወዲያ ድረስ ንዳውና ልየው።»

«መንዳት አልችልም።»

«ማነው ታዲያ የሚነዳው?»

«ከተጠገነ ወዲህ የነዳው የለም።»

መርማሪው ወደ አባታችን አየ። አባታችን እውነት ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውየው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ተቀመጠበት። ፍሪሲዮኑን ለቀቀው። ሞተሩም ሄደ።

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። የእነዚያን ሞተሮች ድምፅ ስሰማ ነው ያደግሁት። ሁልጊዜ አጠገቤ ነው፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው። ሲርቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ማርሽ ሲቀይር ሰማሁት፣ ድምፁ ወረደ፣ ተነሳ፣ እንደገና ቀየረ። ከበሩ ወጥቶ ታጠፈ። ከዚያ በኋላ የማየው ነገር የለም፤ ድምፁ ብቻ ነው ያለው። እየቀጠነ ሄደ። ከመኪኖቹ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ የቱ እሱ እንደሆነ መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ አዳመጥኩት።

«ይሄዳል እንዴ?» አሉ አባታችን።

እኔም ይህንኑ ነበር የማስበው። የጋሽዬ ነገር ሁሉ፣ እጁ የነካው እያንዳንዱ ብሎን፣ ከቦታው ተነስቶ በከተማው ውስጥ እየሄደ ነው። እንባዬ መጣ። ሐዘን ብቻ አልነበረም። አንድ ትልቅ ነገር ፊት የቆምኩ ያህል ተሰምቶኝ ነበር።

መርማሪው ሲመለስ ጸጉሩ ቆሟል። ከመውረዱ በፊት ትንሽ ተቀመጠበት።

«የፊት ፍሬኑ ወደ ግራ ትንሽ ይስባል። ሌላው ደኅና ነው። ማን እንደገጠመው አላውቅም እንጂ እጁ ይባረክ።»

አባታችን አሜን አሉ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባን። ጸሐፊው ወጣት ነው። አዲስ የሊብሬ ደብተር ከመሳቢያ አወጣ፣ ገለጠው፣ ብዕሩን ቀለም ነከረ። «የባለቤት ስም እስከ አያት» አለ፣ ቀና ሳይል።

አባታችን የጋሽዬን ስም ጠሩ። ቀጥሎ የራሳቸውን። ቀጥሎ የአባታቸውን። ጸሐፊው ቆንጆ አድርጎ ጻፈው። የፍርድ ቤቱን ወረቀት ሲያመሳክር ብዕሩን አቆመ።

«አባት፣ እዚህ ላይ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት ነው የሚለው። ይሄ የማን ስም ነው?»

አባታችን ወደ እኔ ዞሩ። «የወንድሜ ነው። የሟቹ» አልኩ እኔ።

ጸሐፊው ደብተሩን ወደ እኛ አዞረው። «ደብተር ተቆጥሮ ነው የሚሰጠኝ፣ ማበላሸት አልችልም፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሊብሬም አይፈቀድም» አለ። መልሶ ወደ ራሱ አዞረው። ብዙ አየው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «የመጀመሪያውን ብቻ ብሰርዘው የቀረው የእርስዎ ስም ነው እኮ» አለ።

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራው አባቱን ነው። የጋሽዬ ስም ከመጀመሪያው ቃል በኋላ አባታችን ነበሩ። ጸሐፊው መስመሪያ አምጥቶ በመጀመሪያው ስም ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሳለፈ። መጨረሻው ላይ የአባታችንን አያት ስም ጨመረ። ከጎኑ ፈረመበት፣ ሄዶ አለቃውን አስፈረመ፣ በፊርማዎቹ ላይ ማኅተም አሳረፈ።

አባታችን ደብተሩን ተቀበሉ። መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት። መስመሩንና ከሥሩ ያለውን የጋሽዬን ስም በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይነበባል» አሉ።

ለእኔ ይሁን ለጸሐፊው አላወቅሁም። ጸሐፊው ግን «አዎ አባት፣ ይነበባል» አላቸው።